ኮምጣጤ፣ ሳሙና፣ ቅርንፉድ፦ ደጅ ላይ ትንኝና ዝንብን የሚያርቀው የቱ ነው?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ኢንተርኔት ላይ ለዓመታት ሲዘዋወር የኖረ አንድ ውህድ አለ። ብዙዎቻችሁ ሳታዩት አትቀሩም። የአፍ መጉመጥመጫ፣ ጋዙ የወጣ ቢራና ኤፕሰም የሚባለው ጨው ይቀላቀላል። ከዚያ ግቢው፣ የወንበሩ ዙሪያና ቁጥቋጦው ላይ ይረጫል። ትንኝ ለወራት ድርሽ አትልም ይባላል።

እስቲ አንድ በአንድ እንየው። ኤፕሰም ጨው ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። አይተንም፤ የሚሸት ነገርም የለውም። ቅጠል ላይ ደርቆ ሲቀር ትንኟ መኖሩንም አታውቅም። የአፍ መጉመጥመጫው ውስጥ ከባሕር ዛፍና ከናና የሚገኙ ሽታ ያላቸው ነገሮች ይኖሩ ይሆናል። መጠናቸው ግን በጣም ትንሽ ነው። ደጅ ሲረጩ ወዲያው በነው ያልቃሉ። ቢራውስ? እ.ኤ.አ. በ2010 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ ቢራ የጠጡ ሰዎች የወባ ትንኝን ይበልጥ እንደሚስቡ አሳይቷል። ግቢ ላይ የፈሰሰ ቢራም ያንኑ ያደርጋል ማለቴ አይደለም። ቢራ ትንኝን ያባርራል የሚያሰኝ ነገር ግን የለም።

ይህን ያነሳሁት ውህዱን የሞከረ ሰው ለመንቀፍ አይደለም። ልጆቹ ደጅ የሚጫወቱበት፣ ግቢው ላይ መርዝ መርጨት የማይፈልግ ሰው በቤቱ ካለው ነገር መፍትሔ ቢፈልግ ልክ ነው። እኔም ከዚያ ወገን ነኝ። ቤታችን ውስጥ በእርግጥ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። የምንሳሳተው ለማይችሉት ሥራ ስናሰማራቸው ነው። ሽታ ያላቸው ነገሮች የሚያግዙን ለአጭር ጊዜ፣ ያውም ቆዳችን ላይ ሲሆኑ ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ብዙም የማይወራላቸው ናቸው፦ ሳሙና፣ ክዳንና ነፋስ።

ለምን እንደዚህ እንደምል የሚገባችሁ ትንኝ እንዴት እንደምታገኘን ስታዩ ነው። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት። እንቁላሏን ለማዳበር ደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ወንዱ የአበባ ወለላ ጠጥቶ ይኖራል። ሴቷ ስንተነፍስ የምናወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሥር ሜትሮች ከሚቆጠር ርቀት ትለየዋለች። እሱን ተከትላ ስትቀርብ የቆዳችን ሽታ ይቀበላታል፦ ላባችን ውስጥ ያለው ላቲክ አሲድ፣ አሞኒያ፣ ቆዳችን ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሚያወጧቸው ሌሎች አሲዶች። አጠገባችን ስትደርስ ደግሞ የሰውነታችን ሙቀትና እርጥበት ይመራታል።

ዓይኗም ሥራ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ኤዴስ ኢጂፕቲ የምትባለው፣ ዴንጊንና ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካሸተተች በኋላ ወደ ቀይ፣ ብርቱካናማና ጥቁር ቀለም ትበራለች። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭን ግን ከቁብ አትቆጥርም። ስለዚህ ደጅ ለማምሸት ስትወጡ ሰፋ ያለ፣ እጀ ረጅም ነጭ ልብስ መልበስ አንድ እርምጃ ነው። ወጪ የለውም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ መፍትሔ ነው።

አሁን አስቡት። ትንፋሻችሁ፣ ላባችሁና ሙቀታችሁ በአንድነት እየጠሯት ነው። ጠረጴዛው መሀል ቅርንፉድ የተሰካበት ግማሽ ሎሚ አለ። ሎሚው ደስ ይላል፤ ጠረጴዛውንም ያሳምራል። የእናንተን ሽታ ግን አይሸፍነውም። በማሰሮ የተተከለ ናና ወይም ጠጅ ሳርም እንደዚሁ ነው። ቅጠሉ ካልታሸ ዘይቱ ውስጡ ተዘግቶ ይቀመጣል። አጠገቡ በመቀመጣችሁ ብቻ የምታገኙት ጥቅም የለም።

የሲትሮኔላ ሻማስ? እሱም ከጠጅ ሳር ዘመድ የሚወጣ ዘይት ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከሌሎች መከላከያዎች ጋር ተፈትኖ ነበር። ሻማው ትንኞቹን አላስቀረም። በዚያው ፈተና ጥሩ ውጤት ካሳዩት አንዱ ግን ከዕፅዋት የሚገኝ ነው፤ እሱን ቆይቼ አነሳዋለሁ።

ቆዳ ላይ የሚቀባው ይሻላል፤ የሚቆይበት ጊዜ ግን አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት ሰዎች እጃቸውን ትንኝ ያለበት ሣጥን ውስጥ እየከተቱ የተሠራ ነው። 23.8 በመቶ ዲት የተባለው ኬሚካል ያለበት ቅባት ለ5 ሰዓት ያህል ከለከለ። 2 በመቶ የአኩሪ አተር ዘይት ያለበት ምርት ለአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከለከለ። ሲትሮኔላ ያለባቸው ምርቶች በአማካይ 20 ደቂቃ እንኳን አልሞሉም። እጅ ላይ የሚታሰሩት አምባሮችማ ምንም አልፈየዱም። የአኩሪ አተር ዘይት ሲትሮኔላን በዚህ ልዩነት በልጧል። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ይደንቀኛል።

ሲትሮኔላ ቶሎ የሚያልቀው ስለማይሠራ አይደለም። ሽታው የሚመጣው ሞለኪውሎቹ ከቆዳ ላይ ተነስተው ወደ አየር ስለሚበኑ ነው። የበነነው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ቶሎ የሚበን ሽታ ቶሎ የሚያልቅ ነው። ተመራማሪዎች ቫኒሊን፣ ማለትም የቫኒላን ሽታ የሚሰጠውን ነገር፣ ከእነዚህ ዘይቶች ጋር ሲቀላቅሉ የመከላከያው ጊዜ ረዝሟል። መትነኑን ስለሚያዘገየው ነው።

ቤት ውስጥ ለመቀላቀል ለምትፈልጉ ልኩን ልንገራችሁ። 30 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ውሰዱ። ላዩ ላይ ከ12 ጠብታ ያልበለጠ የሲትሮኔላ፣ የጠጅ ሳር ወይም የቅርንፉድ ዘይት ጨምሩ። ይህ 2 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከዚህ አታስበልጡት። የቅርንፉድ ዘይት ሳይበረዝ ሲቀባ ለሰዓታት እንደሚከላከል የታየባቸው ሙከራዎች አሉ፤ ቆዳን ግን ያቃጥላል። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ብሎ ከጠርሙሱ በቀጥታ ይቀባል። ቀድማችሁ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ዘይትን በውሃ በጥብጣችሁ አትርጩ። ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ መጀመሪያ የሚረጨው ውሃው ብቻ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ያልተበረዘው ዘይት ቆዳችሁ ላይ ይወጣል።

የሎሚ ጭማቂ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ሎሚ ጨምቃችሁ ቆዳችሁ ላይ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ። በተለይ አረንጓዴው ሎሚ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉት። እነሱ ቆዳ ላይ እያሉ የፀሐይ ጨረር ሲያርፍባቸው ቆዳው እንደተቃጠለ ይቆጣል፤ ውሃ ይቋጥራል። ምልክቱ የሚወጣው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ስለሆነ ሰው ከሎሚው ጋር አያገናኘውም። ጥቁር ጠባሳው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ልጆች ላይ ሲሆን ሌላ ጉዳት የደረሰባቸው እስኪመስል ድረስ ያስደነግጣል።

ቆይቼ አነሳዋለሁ ያልኩት ከዕፅዋት የሚገኘው መከላከያ ሎሚ ሎሚ ከሚሸት የባሕር ዛፍ ዓይነት የሚሠራ ነው። ዋናው ነገሩ በአጭሩ ፒኤምዲ ይባላል። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም እንጂ ለሰዓታት የሚያገለግል ነው። ግን ልብ በሉ። ከዚያው ዛፍ የሚጨመቀው ተራ ሽታ ያለው ዘይትና ይህ ምርት አንድ አይደሉም። በተራው ዘይት ውስጥ ያለው ፒኤምዲ በጣም ትንሽ ነው። ሲገዙ መለያውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ነጭ ሽንኩርት መብላትንም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ነጭ ሽንኩርት የበሉትንና ያልበሉትን አወዳድሯል። ልዩነት አላገኘም። ለጤናችሁ ብሉት፤ ለትንኝ ብላችሁ ግን አትጨነቁ።

እሺ፣ ሽታውን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ ነፋስ እንለፍ። ትንኝ ደካማ በራሪ ናት። በሰዓት የምትጓዘው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው በእግሩ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይቀድማታል። አንድ ተራ ማራገቢያ የሚያወጣው ነፋስ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ማራገቢያ ፊት ለፊት ቀጥ ብላ መጥታ ማረፍ ያቅታታል። ሌላም ጥቅም አለው። ትንፋሻችሁንና የቆዳችሁን ሽታ ይበታትነዋል። የምትከተለው መንገድ ይጠፋባታል። ደጅ ለምትበሉ፣ ለምትጫወቱ፣ እንግዳ ለምታስተናግዱ ከዚህ የተሻለ የቤት መፍትሔ አላውቅም። አቀማመጡ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ብዙ ሰው ወደ ፊቱ ያዞረዋል። ትንኝ ግን ብዙ ጊዜ የምትመጣው ወደ እግርና ቁርጭምጭሚት ነው። ማራገቢያውን ዝቅ አድርጋችሁ ከጠረጴዛው ሥር እንዲነፍስ አድርጉት። ዝንብም ነፋሱ ውስጥ ምግብ ላይ ማረፍ ይከብዳታል።

ጭስስ? ቅጠልም ሆነ የቡና አተላ ማጨስ ትንሽ ሊያርቃት ይችላል። ጭሱን የምትተነፍሱት ግን እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተ አጠገብ ያለው ሕፃንም። እኔ አልመክረውም።

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን፤ ውሃው ጋ።

ትንኝ የምትፈለፈለው ውሃ ውስጥ ነው። ሞቃት አየር ላይ ከእንቁላል ተነስታ የምትበር ትንኝ እስክትሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። አንዷ ሴት በአንድ ጊዜ 100 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ለአንዳንዶቹ ዝርያዎች ቆርኪ ውስጥ የቀረ ውሃ እንኳን በቂ ነው። የኤዴስ እንቁላል ደግሞ የበረሜል ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ለዚህ ነው ውሃውን መድፋት ብቻ የማይበቃው። ግድግዳውን በሻካራ ነገር ፈትጉት።

አንድ ባልዲ ውስጥ ለሳምንት የቆየ ውሃ ካለ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ምንም ያለ አይመስልም። ዓይናችሁ ሲለምደው እንደ ቁራጭ ክር ያሉ ቡናማ ነገሮች ከውሃው ፊት ላይ ጭንቅላታቸው ወደ ታች ሆኖ ተንጠልጥለው ታያላችሁ። እጮቹ ናቸው። ጥላችሁ ሲያርፍባቸው እየተጣጠፉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ትንሽ ቆይተው መልሰው ይወጣሉ። የሚወጡት ለመተንፈስ ነው። ጅራታቸው አካባቢ ቱቦ አላቸው፤ ጫፉን ከውሃው ፊት ጋር አጣብቀው አየር ይስባሉ። ውሃው ፊት ላይ ተንጠልጥለው የሚቆዩት ውሃ ላዩ ላይ እንደ ቆዳ የተወጠረ ስለሆነ ነው።

ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጥቂት ጠብታ ብትጨምሩበት ያ ውጥረት ይላላል። እጮቹ መንጠልጠል ያቅታቸዋል። አየር አጥተው ይሞታሉ። የምግብ ዘይትም ስስ ሽፋን ሠርቶ አየሩን ይዘጋባቸዋል። ግቢ ውስጥ ከምትረጩት ማንኛውም ነገር ይልቅ ይሄ ይበልጣል። የሚያልቁት ገና ሳይበሩ ነውና።

ግን ሳሙናም ዘይትም የሚጨመረው ማንም በማይጠጣው፣ ዓሣም እንቁራሪትም በማይኖርበት፣ ልትደፉት በማትችሉት ውሃ ላይ ብቻ ነው። ኩሬ ላይ አይሆንም፤ የከብት መጠጫ ላይ አይሆንም፤ ወፎች የሚጠጡበት ላይም አይሆንም። መድፋት የሚቻለውን መድፋት ይሻላል። የአበባ ማሰሮው ሥር ያለው ሳህን፣ የተጣለ ጎማ፣ ቅጠል የደፈነው አሸንዳ፣ ሸራው ላይ የተጠራቀመው ውሃ፣ ልጆች ረስተውት የቀረ መጫወቻ። ለመጠጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ደግሞ በደንብ በሚገጥም ክዳን ወይም በጥቅጥቅ ወንፊት ጨርቅ ሸፍኑት። ክዳኑ ላይ ክፍተት ካለ እንደሌለ ቁጠሩት።

ወደ ዝንብ ልሻገር። ዝንብ ሌላ ጉዳይ ናት። ትንኝ እኛን ትፈልጋለች፤ የቤት ዝንብ ግን የምትፈልገው ምግባችንንና ቆሻሻችንን ነው። አትነክስም። ግን ቀማሽ እግር አላት፤ ያረፈችበትን በእግሯ ነው የምትቀምሰው። ጠንከር ያለ ምግብ ላይ ምራቋን ታፈስበታለች፤ ሲሟሟ ትመጠዋለች። ከአንድ ደቂቃ በፊት ፍግ ላይ የነበረች ዝንብ ዳቦው ላይ ስታርፍ የምታመጣውን አስቡት። የተቅማጥ ተህዋስያንን የምታዛምተው እንደዚህ ነው።

የምትራባው የበሰበሰ ነገርና ፍግ ውስጥ ነው። ሲሞቅ እሷም ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ የዝንብ መከላከያ የቆሻሻ መጣያ ክዳን ነው ብል አላጋነንኩም። ቆሻሻው በሳምንት ሁለቴ ከወጣ፣ መጣያው በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ፣ እጮቹ አድገው ለመብረር ጊዜ አያገኙም። እርጥበቱን ማድረቅ ራሱ ይጎዳቸዋል።

ኮምጣጤ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ እሱም እንደምታስቡት አይደለም። ኮምጣጤ የፍራፍሬ ዝንብን አያባርርም፤ ይጠራል። የፈላ ፍሬ ሽታ ስለሆነ ትወደዋለች። ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ የፖም ኮምጣጤ አድርጉ፤ አንድ ጠብታ ሳሙና ጨምሩበት። ልትጠጣ ስታርፍ ውሃው አይሸከማትም፤ ትሰምጣለች። ያው የሳሙናው ሥራ ነው። ለትልቋ የቤት ዝንብ ግን ኮምጣጤ ብቻ ብዙም አይስባትም። እሷ የምትመጣው የበሰበሰ ሥጋ ወይም ዓሣ ሲሸታት ነው። ቁራሹን ውሃና ሳሙና ባለበት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን በቀዳዳ ክዳን ዝጉት።

ወጥመዱን የት ታስቀምጣላችሁ? ብዙ ሰው ምግቡ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። እንደዚያ ሲሆን ዝንቧን ከሩቅ ጠርቶ ሳህናችሁ አጠገብ ማምጣት ይሆናል። ከምትቀመጡበት ራቅ አድርጉት፤ ከቆሻሻ መጣያው ወገን፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ እናንተ በማያመጣበት በኩል። ምግቡን ደግሞ ሸፍኑት። በውሃ የተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት መስቀልን በተመለከተ፣ ይሠራል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ የለም፤ ጊዜያችሁን አታጥፉበት።

ከዚህ በኋላ ከአድማጮች ጥያቄዎች ነበሩ። ዋና ዋናዎቹን ከመልሶቻቸው ጋር አስቀምጣለሁ።

አንዲት እናት የስድስት ወር ልጃቸውን ምን እንደሚቀቡት ጠየቁ። ምንም አይቀቡት፤ አጎበር ያልብሱት። የሕፃኑ ጋሪ ወይም አልጋ ላይ የሚጣል ቀዳዳው ደቂቅ የሆነ አጎበር ከየትኛውም ዘይት ይበልጣል። የባሕር ዛፍና የናና ዘይት ሕፃናት ፊትና አፍንጫ አጠገብ መቅረብ የለበትም፤ ትንፋሻቸውን ሊያውክ ይችላል።

ሌላ ሰው ወባ ወይም ዴንጊ ባለበት አካባቢ እነዚህ የቤት ዘይቶች ይበቃሉ ወይ አሉ። አይበቁም። ማሳከኩን ብቻ ለምትፈሩበት ምሽት 20 ደቂቃም ቢሆን ጥሩ ነው። በሽታ ባለበት ግን አንዷ ንክሻ ትበቃለች። እዚያ የተፈተሸ መከላከያ ተቀቡ፤ በአጎበር ውስጥ ተኙ። ተፈጥሯዊ ነገር እመርጣለሁ ማለት ለወባ መጋለጥ ማለት መሆን የለበትም። ዲት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝብ ሲጠቀምበት የኖረ ነው፤ መመሪያውን ተከትሎ ለሚቀባው ሰው ጉዳቱ እንደሚወራው አይደለም።

ድመት ስላላቸው የጠየቁም ነበሩ። የድመት ጉበት ብዙዎቹን ዘይቶች ሰብሮ ማስወገድ አይችልም። የቅርንፉድ፣ የባሕር ዛፍና የሻይ ዛፍ ዘይት ሊመርዛት ይችላል። የምትተኛበት ቦታ ላይ አትርጩ፤ ተቀብታችሁም አታሹአት፤ ጠጉሯን ስትልስ ወደ ሆዷ ይገባል።

የመጨረሻው ጥያቄ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ምን ያህል ጊዜ አለን የሚል ነበር። ሞቃት ከሆነ አንድ ሳምንት ቢሆን ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን መርጣችሁ ግቢውን ዙሩ፤ በየአምስት ቀኑ ቢሆንማ በጣም ጥሩ። ውሃ የያዘውን ሁሉ ገልብጡ። ስትደፉት ግን ደረቅ አፈር ላይ ድፉት፤ እጮቹ እዚያው ያልቃሉ። ወደ ቦይ ከደፋችሁት ውሃው ባለበት ማደጋቸውን ይቀጥላሉ።